ሥራዬ ለምን የሌላ ሰው ሥራ ይመስላል?

ጥያቄ፦ ሸክላ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። ስልኬ ላይ ከአራት ሺህ በላይ የሸክላ፣ የወንበር፣ የጨርቅና የመብራት ፎቶግራፎች አስቀምጫለሁ፤ ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት አያቸዋለሁ። ነገር ግን አንድ ዕቃ ሠርቼ ሳሳይ «የእገሌን ሥራ ይመስላል» የማይለኝ የለም። አንድ ባልደረባዬ «ለአንድ ዓመት የማንንም ሥራ አትዪ፤ የራስሽ ያኔ ይወጣል» አለኝ። እውነት ነው? ጥሩ ዲዛይነሮች መነሻቸውን የሚያገኙት ከየት ነው? መነሻ መውሰድና መኮረጅስ በምን ይለያሉ? የሦስት ስኒዎቼን ፎቶግራፍ አያይዣለሁ። ሦስተኛው ተበላሽቶብኝ ነው፤ ይቅርታ።

ምላሽ፦ በዕድሜ የልጄ እኩያ ስለሆንሽ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ከባልደረባሽ ምክር ልጀምር፤ አትቀበዪው። ዓይንሽን ለአንድ ዓመት ብትጨፍኚ ከአራት ሺሁ ፎቶግራፍ አንዱም ከውስጥሽ አይወጣም። አንቺ ከየት እንዳመጣሽው ትረሺዋለሽ፣ እጅሽ ግን አይረሳውም። ምንጩን የረሳ ሠራተኛ ደግሞ ከማንም በላይ ለኩረጃ የተጋለጠ ነው፤ የሌላውን ሐሳብ የራሱ መስሎት በሙሉ ልብ ይሠራዋልና። ያለ ምንጭ የሚሠራ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ያጋጠሙኝ ምንጫቸውን የሚያውቁና ምንጫቸውን የማያውቁ ናቸው።

ችግርሽ ብዙ ማየትሽ አይመስለኝም። ያየሽውን አለመንካትሽ ነው። ፎቶግራፍ የሚሰጥሽ የመጨረሻውን መልስ ብቻ ነው። ሠሪው ምን ጥያቄ ይዞ እንደተነሳ፣ ስንቱን ሞክሮ እንደጣለ፣ ጭቃው ወይም እንጨቱ የት ላይ እምቢ እንዳለው አያሳይም። መልሱን ብቻ የወሰደ ሰው ሥራው ያንኑ መልስ ቢመስል ምን ይደንቃል?

ይህን ያወቅሁት ተቀጥቼ ነው። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ አንድ ጎድጓዳ ሳህን መጽሔት ላይ አይቼ ልቤ እዚያው ቀረ። ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፤ ወደ አፉ ሲጠጋ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ገጹን ቀድጄ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ለጠፍኩትና ሰባት ወር ሙሉ ያንን ቀለም ፍለጋ ገባሁ። የመዳብና የብረት ዱቄት እየመዘንኩ፣ ግሌዝ የምንለውን የመስታወት ቅብ እያሰናዳሁ፣ ከእቶን ለወጣው ሙከራ ሁሉ ቁጥር እየሰጠሁ። በመጨረሻ ቀለሙ መጣ። ሳህኔ ግን ነፍስ አልነበረውም። ቀለሙ ያው፣ ቅርጹም ከሩቅ ሲያዩት ያው፤ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ግን እንደ ድንጋይ ተዘፍዝፎ ይቀመጣል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የዚያው ሠሪ ሳህን በአንድ ሙዚየም መጋዘን ውስጥ እንዳለ ሰማሁና ለምኜ ገባሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ እጄን አስታጥባ፣ ቀለበቴን አስወልቃ፣ ሳህኑን በሁለት እጄ አስያዘችኝ። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ክብደቱ ነው፤ ከገመትኩት ግማሹን አይሞላም። ገልብጬ መቀመጫውን አየሁ። የአፉ ስፋት 22 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሚቆምበት ቀለበት ግን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ። የእኔ ሳህኖች መቀመጫ 9 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ካልሰፋ ይወድቃል ብዬ ፈርቼ። ሠሪው በዚያ ጠባብ መቀመጫ ላይ ያንን ሰፊ አፍ ያቆመው ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ አሳስቶ ክብደቱን በማቅለል ነው። ሳህኑ ከጠረጴዛው ብድግ ያለ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነበር። ቀለሙ? ቀለሙማ ከመጽሔቱ ፎቶግራፍ ጋር እንኳ አይመሳሰልም። ሰባት ወር የሮጥኩት የፎቶግራፍ አንሺውን መብራት ስከተል ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ቅብ የሚባል ነገር ሳልነካ መቀመጫ ማጥበብና ግድግዳ ማሳሳት ብቻ ተለማመድኩ። አብዛኞቹ ጎናቸው እየሟሸሸ ወደቁ። ከቆሙት አንዱን ያየ ሰው ግን «የእገሌን ይመስላል» አላለኝም፤ ከእገሌ በእርግጥ የተማርኩት ያኔ ሆኖ ሳለ። ያ መቀመጫ በእኔ ጭቃ፣ በእኔ እጅ ፍጥነት፣ በእኔ እቶን ሙቀት ሲሠራ ሌላ ቅርጽ ይዞ መጣ። እኔ ለውጥ ላድርግበት ብዬ አልተነሳሁም፤ የለወጠው ጭቃው ነው።

ይህ የእኔ የብቻ ግኝት አይደለም፤ ትምህርት ቤት ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ኮፐንሃገን በሚገኘው የዴንማርክ ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የቤት ዕቃ ትምህርት ሲጀመር ያስተማረው ካሬ ክሊንት ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉትንም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ክሊንት ተማሪዎቹን አዲስ ወንበር ፍጠሩ ብሎ አላስጀመራቸውም። አሮጌ ወንበር ሰጥቶ አስለካቸው። የኋላ እግሩ ምን ያህል ዘመም ይላል? መቀመጫው ከመሬት ስንት ይርቃል? መጋጠሚያው ውስጥ ውስጡን እንዴት ተቆርጧል? እንጨቱ የት ላይ ሳሳ፣ የት ላይ ለምን ወፈረ? የሰው አካል ተለካ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው ዕቃ ሳይቀር ተለካ። ከእሱ ከተማሩት አንዱ ቦርገ ሞገንሰን በ1947 የሠራው ጄ 39 የተባለ ወንበር መነሻው በአሜሪካ ሼከርስ የሚባሉት የሃይማኖት ማኅበረሰብ አባላት ይሠሯቸው የነበሩ ጌጥ አልባ ወንበሮች ናቸው። የሞገንሰንን ወንበር ከሼከሮቹ አጠገብ ብታስቀምጪው ዝምድናው ይታይሻል፤ አንዱን ለሌላው ግን አትሳሳቺውም።

የዚያው ዘመን ሰው ሃንስ ዌግነር ደግሞ በ1944 የሠራው ወንበር ስሙ ራሱ «የቻይና ወንበር» ነው። ምንጩን አልደበቀም። መነሻው የጀርባ መደገፊያውና የክንድ ማሳረፊያው አንድ ሆነው በጎባጣ እንጨት ሰውን ዙሪያውን የሚያቅፉበት የጥንት የቻይና ወንበር ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። ይህን ምንጭ ቶሎ አልተወውም። ያንኑ ጎባጣ ይዞ ከወንበር ወደ ወንበር አለፈ፤ እየቀነሰ፣ እያቀለለ። በ1949 የነደፈውና በማግስቱ ዓመት ለገበያ የወጣው ወንበር ጀርባው የላቲኑን ዋይ ፊደል የሚመስል አንድ ቀጭን ሳንቃ ነው፤ መቀመጫው ወደ 120 ሜትር በሚጠጋ የወረቀት ገመድ በእጅ ይታታል። ዛሬም ይመረታል። አንድ ምንጭ፣ አምስት ዓመት። አንቺ ጋ ሦስት ዓመት፣ አራት ሺህ ምንጭ። ሒሳቡን ለአንቺ ልተወው።

ወደ ሽመና ላምጣሽ፤ «መንካት» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው እዚያ ነው። አኒ አልበርስ በ1922 ጀርመን ውስጥ ባውሃውስ የተባለ የዲዛይን ትምህርት ቤት ገባች። ሽመና የመጀመሪያ ምርጫዋ እንኳ አልነበረም። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ከባለቤቷ ጋር አሜሪካ ወደሚገኘው ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ሄደች፤ በ1935 ሜክሲኮን አየች፣ ከዚያ በኋላም ደጋግማ ተመላለሰች። የጥንት የአንዲስ ተራሮች ሸማኔዎችን ሥራ የምታጠናው ጌጡን በማየት ብቻ አልነበረም። ድሩንና ማጉን ትከተላለች፤ ፈትሉ ከስንት ድር በላይ አልፎ ከስንቱ በታች እንደሚገባ ትቆጥራለች። በ1949 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቿን ለብቻዋ አሳየላት፤ በ1965 ስለ ሽመና ያሳተመችውን መጽሐፍ ደግሞ ታላላቅ መምህሮቼ ላለቻቸው ለጥንታዊ የፔሩ ሸማኔዎች አበረከተችው።

መቁጠር ምን ይጠቅማል ትዪኝ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ጨርቅ በዓይነ ሕሊናሽ ያዢ፤ ቀይና ጥቁር ቀለም ጎን ለጎን ተሸምነው፣ ወሰናቸው እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚወርድ። ፎቶግራፉን ያየ ሰው «ደረጃ የሚመስል ጌጥ» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ሲፈልግም ደረጃውን ስኒ ላይ ይሥለዋል። ፈትሉን የተከተለ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። በዚህ አሠራር ቀዩ ማግ ወሰኑ ጋ ደርሶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጥቁሩም እንዲሁ። በመካከላቸው የሚያያይዛቸው ነገር የለም። ወሰኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከረዘመ ጨርቁ እዚያ ላይ እንደ ኪስ አፍ ይከፈታል። ስለዚህ ሸማኔው ጥቂት መስመር እንደሠራ ወሰኑን አንድ ሁለት ድር ወደ ጎን ያዛውረዋል፤ ከዚያ እንደገና ያዛውረዋል። ደረጃው እንዲህ ተወለደ። ጨርቁ እንዳይሰነጠቅ የተዘየደ ዘዴ ነው፤ ውበቱ ከዚያ ተከትሎ የመጣ ነው። ይህን ያወቀ ሸክላ ሠሪ ደረጃውን አይሥልም። «የእኔ ሥራ የሚሰነጠቀው የት ነው? መሰንጠቁን የምከላከልበት መንገድስ ራሱ ጌጥ ይሆናል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ፔሩ አስተማረችው ማለት ይቻላል፤ ሥራውን ያየ ሰው ግን ፔሩን ፈልጎ አያገኛትም።

ከሙሉ ዕቃ ይልቅ ስባሪ ያስተምራል የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። በሰሜን ሜክሲኮ ቺዋዋ ግዛት፣ ማታ ኦርቲዝ በምትባል መንደር ያደገው ሁዋን ኬሳዳ በልጅነቱ እንጨት ሲለቅም የጥንቷ የፓኪሜ ሕዝብ የሠራቸውን የሸክላ ስባሪዎች ያገኝ ነበር። ያንን አሠራር የሚያስተምረው ሰው አልነበረም፤ ሙያው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጠፍቷል። ጭቃውን ከአካባቢው ኮረብታ ቆፍሮ፣ ቀለሙን ከድንጋይ ፈጭቶ ለዓመታት ሞከረ። ዕቃው እየተሰነጠቀ ሲያስቸግረው ወደ ስባሪዎቹ ተመለሰና የተሰበረው ጠርዝ ላይ የአሸዋ ቅንጣት አየ። የጥንቶቹ ጭቃው ላይ አሸዋ ይጨምሩ ኖሯል። ሙሉ ማሰሮ ይህን አያሳይም፤ የሚያሳየው ሥዕሉን ነው። ስባሪ ሆዱን ገልጦ ያሳያል፦ ውፍረቱን፣ የጭቃውን ቅልቅል፣ እሳቱ ምን ያህል እንደዘለቀው። ኬሳዳ በ1976 በውጭ ሰው ዓይን ከገባ በኋላ ዝናው ተሰማ፤ ያወቀውን ለቤተሰቡና ለጎረቤቶቹ አስተማረ፣ መንደሪቱም የሸክላ ሠሪዎች መንደር ሆነች። የመጀመሪያ ሥራዎቹ የጥንቶቹን ይመስሉ ነበር፤ የኋለኞቹን ሥራዎቹን ግን ከማንም ጋር አታምታቻቸውም። ስለዚህ የምትወጂው ዕቃ ቢሰበርብሽ አታልቅሺ፤ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ተመልከቺ። (እኔ የሰው ስባሪ ለምኜ እስከመውሰድ የደረስኩ ሰው ነኝ፤ ቤተሰቤ በዚህ ይስቅብኛል።)

አሁን ደግሞ ባልደረባሽን የሚያናድድ ነገር ልንገርሽ፦ መኮረጅ ራሱ አንዳንዴ አዲስ ነገር ይወልዳል። ሁኔታው ግን አንድ ነው፤ ኮራጁ ቁሳቁሱ ሳይኖረው ሲቀር። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ኢራቅ በባስራ አካባቢ የነበሩ ሸክላ ሠሪዎች ከቻይና በመርከብ የሚመጣው ነጭ ዕቃ ገበያቸውን አደመቀው። ካኦሊን የሚባለው ነጭ ጭቃ ግን አልነበራቸውም። የራሳቸውን ቢጫማ ጭቃ ቆርቆሮ የገባበት ነጭ ቅብ አልብሰው አስመሰሉት፤ በነጩ ላይ ደግሞ በኮባልት ሰማያዊ ጻፉበት። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፋርስ የሚሄደው ኮባልት የቻይና የሸክላ ከተማ ጂንግዴዠን ደርሶ በእውነተኛው ፖርሲሊን ላይ ተሣለ፤ ዛሬ ሁላችንም «የቻይና» የምንለው ሰማያዊና ነጭ ዕቃ ገነነ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደች መርከቦች ያንን ዕቃ በብዛት ወደ አውሮፓ ያጓጉዙት ጀመር። በ1640ዎቹ ቻይና በጦርነት ስትታመስ ጭነቱ ቀነሰ፤ በኔዘርላንድስ የዴልፍት ከተማ ሸክላ ሠሪዎች ቀዳዳውን ሊሞሉ ተነሱ። እነሱም ካኦሊን አልነበራቸውም፤ እንደ ባስራዎቹ ቆርቆሮ ያለበት ነጭ ቅብ ተጠቀሙ። ቅቡ ገና ሳይቃጠል የሚሣልበት ስለሆነ ብሩሹ የነካውን ይመጠዋል፤ ተሳሳትኩ ብሎ መደምሰስ የለም። ስለዚህ የዴልፍቱ ሠዓሊ እጅ ፈጣን መሆን ነበረበት። የቻይናው ተራራና ሊቅ ቀስ በቀስ ወደ ወፍጮ፣ ወደ መርከብና ወደ ቱሊፕ አበባ ዞረ።

ማን ከማን ኮረጀ? እኔ እዚህ ታሪክ ውስጥ ባለቤቱን መለየት አልችልም፤ መለየትም አልፈልግም። የምወስድለት ትምህርት አንድ ነው። እነዚህ ሰዎች በእጃቸው የሌለውን ነገር በእጃቸው ባለው ሊሠሩ ታገሉ፣ ትግሉም መልክ ሰጣቸው። ባስራና ዴልፍት በስምንት መቶ ዓመታት ገደማ ተራርቀው ለአንድ ችግር አንድ ዓይነት መፍትሔ ይዘው እንኳ ዕቃዎቻቸው አይመሳሰሉም። አንቺ ከምታያቸው ፎቶግራፎች ጋር ያለሽ ችግር ምናልባት ይህ ነው፤ ያንኑ ጭቃ፣ ያንኑ ቅብ፣ ያንኑ የኤሌክትሪክ እቶን ገዝተሽ በዚያው ቁሳቁስ ያንኑ ቅርጽ ትሠሪያለሽ። የሚታገልሽ ነገር የለም።

ከሙያ ውጪ ማየት የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው። ማርሴል ብሮየር በ1925 ከብረት ቱቦ ወንበር ሲሠራ መነሻው የሚነዳው ብስክሌት መሪ ነበር፤ ቱቦ እንዲህ ከታጠፈ የቤት ዕቃ ለምን አይሆንም ብሎ። ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1942 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሰበረ እግር ማሰሪያ ከኮምፔንሳቶ ሠሩ፤ ቀጭን ሳንቃ በሙቀትና በግፊት በሁለት አቅጣጫ እንዲጎብጥ ማድረግን እዚያ ላይ ተለማመዱ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ያ ጉብጠት የወንበር መቀመጫና ጀርባ ሆነ። ብስክሌትን ወንበር አድርገሽ ልትኮርጂው አትችዪም፤ መተርጎም ግድ ይሆንብሻል። ከሸክላ ወደ ሸክላ ሲሆን ግን መተርጎም አያስፈልግም፤ ስንፍናችን ደግሞ ያልተፈለገ ሥራ አይሠራም። ስልክሽን ልታጸጂ ካሰብሽ መጀመሪያ የሸክላዎቹን ሰርዢ። የወንበሩንና የጨርቁን ተዪ።

«ተፈጥሮ» የሚለውን መልስ ሁሉም ስለሚሰጥሽ እኔ በአጭሩ ላልፈው። ተፈጥሮ መልስ የምትሰጠው ጥያቄ ይዞ ለሄደ ሰው ነው። ስዊዘርላንዳዊው ጆርጅ ደ ሜስትራል በ1941 ልብሱና ውሻው ላይ የተጣበቀ የዕፅ ፍሬ በማይክሮስኮፕ አየ፤ ጫፉ መንጠቆ ሆኖ አገኘው። እንደዚያ የሚጣበቅ ማያያዣ ሠርቶ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1955 ነው። ማየቱ አንድ ቀን፣ መሥራቱ ከአሥር ዓመት በላይ። ጃፓናዊው መሐንዲስ ኤጂ ናካትሱም ወፍ መመልከት የሚወድ ሰው ነበር፤ ፈጣኑ ባቡር ከዋሻ ሲወጣ የሚያሰማው ፍንዳታ መሰል ድምፅ ባያስጨንቀው ኖሮ ዓሣ አጥማጇ ወፍ ውኃ ሳትረጭ ስትጠልቅ አይቶ ዝም ብሎ በተደሰተ ነበር። በ1997 አገልግሎት የጀመረው ባቡር አፍንጫ የዚያችን ወፍ ምንቃር ይመስላል። ቅጠል ሥሎ ስኒ ላይ መለጠፍ ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ መጥፎ ነው አልልም፣ ሌላ ሥራ ነው።

ኩረጃውን በተመለከተ ከሕግ አልጀምርም። ሕግ በአብዛኛው የሚጠብቀው የተመዘገበን መልክ ነው፤ ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት የተመዘገበ ዲዛይን ጥበቃው ቢበዛ 25 ዓመት ነው። ሥነ ምግባር ከዚያ ይረዝማል። እኔ ራሴን የምፈትንበት ነገር ቀላል ነው፦ የምንጬን ስም ሥራው አጠገብ ጽፌ ባስቀምጥ ምቾት ይሰማኛል ወይስ እሽቆጠቆጣለሁ? ሠሪው በሕይወት ቢኖርና በበር ቢገባ ዕቃውን ሸፍኜ እደብቃለሁ? መሽቆጥቆጥ ካለ ነገሩ ገና አልተፈጨም ማለት ነው። ዌግነር ወንበሩን «የቻይና» ብሎ ሲሰይም፣ አልበርስ መጽሐፏን ለፔሩ ሸማኔዎች ስትሰጥ ምን ያህል እንደተዝናኑ ተመልከቺ።

ነገሩ የሚከብደው ምንጩ ስም የሌለው ሲሆን ነው። ስም የሌለው ሠሪ ብዙ ጊዜ ባለቤት የሌለው ይመስለናል። በ2015 በሜክሲኮ ኦሃካ ግዛት የምትገኘው የሳንታ ማሪያ ትላሁይቶልቴፔክ ማኅበረሰብ በትውልድ ሲቀባበለው የኖረ የሸሚዝ ጥልፍ በአንዲት ፈረንሳዊት ዲዛይነር ስብስብ ውስጥ ወጥቶ ማኅበረሰቡ አቤት አለ፤ ዲዛይነሯም ሸሚዙ የመንደሪቱ መሆኑን በፍርድ ቤት አምናለች። አንድ ሰው ያልፈረመበትን ነገር መንደር ሙሉ ፈርሞበታል። እንዲህ ዓይነት ጌጥ ስታዪ መጀመሪያ ማን ዛሬም እንደሚሠራው፣ በምን ጊዜ እንደሚለበስ ወይም እንደሚያዝ ጠይቂ። ከጌጡ ይልቅ አሠራሩን ተማሪ፤ ተምረሽም የአስተማሩሽን ስም ጥሪ። ካልተፈቀደልሽ ተዪው። በዓለም ላይ ጌጥ አልጠፋም።

ለልምምድ መቅዳት ግን ሌላ ነው፤ እሱን አጥብቄ እመክርሻለሁ። አንድ ዕቃ ምረጪ፤ ልትነኪው የምትችዪውን። በመለኪያ ለኪው፣ መዝኚው፣ ከጎን የተሰነጠቀ ያህል አድርገሽ ግድግዳውን በወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠኑ ንደፊ። ከዚያ አሥር ጊዜ ቅጂው፤ መቅረቡን በሚሊ ሜትር እየለካሽ። አትሽጪው፣ ስምሽንም አትጻፊበት፤ መቀመጫው ላይ «ቅጂ» ብለሽ ጫሪበት። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ እጅሽ የሆነ ቦታ አልታዘዝ ይልሻል። ብዙ ተማሪ እዚያ ላይ ይናደዳል። እኔ ግን ከቅጂው ሁሉ የምፈልገው ያቺን ቦታ ነው፤ የአንቺ እጅ ከዚያ ሰው እጅ የሚለይባት ናትና። ማስታወሻሽ ላይ መጻፍ ያለበት «ይህን ወደድኩት» የሚለው ሳይሆን «እዚህ ላይ አልሄድልሽ አለኝ፤ ምክንያቱም» የሚለው ነው።

ስኒዎችሽን አየሁ። የመጀመሪያው ንጹሕ ነው፤ ከንፈሩ ቀጭን፣ ቅቡ እኩል። ማንም ሊሠራው ይችላል፤ ብዙዎችም ሠርተውታል፣ ሰዎች «የእገሌን ይመስላል» የሚሉሽ ስለዚህኛው ይመስለኛል። የሁለተኛው እጀታ አራት ማዕዘን ነው፤ ፎቶግራፍ ላይ ያምራል። ግን ሁለት ጣት አስገቢበትና ትኩስ ነገር ሙዪበት፤ የጣትሽ መገጣጠሚያ ግድግዳውን ይነካና ይቃጠላል። ያ እጀታ ከፎቶግራፍ የመጣ መሆኑን የማውቀው በዚህ ነው፤ ከእጅ የመጣ እጀታ ጣት አያቃጥልም።

ሦስተኛው፣ ይቅርታ የጠየቅሽበት፣ እጀታው ሲጣበቅ ታችኛው ጫፍ እየተንሸራተተ ያስቸገረሽ ይመስላል። በአውራ ጣትሽ ጫን አድርገሽ ያዝሽው፤ ግድግዳው ገና እርጥብ ስለነበረ ወደ ውስጥ ገባ አለ፣ የጣትሽ ጉድጓድም ቀረ። የድሮ ማሰሮ ሠሪዎች ይህንኑ ሆን ብለው ያደርጉት ነበር፤ እጀታው እንዳይላቀቅ። ስኒው ሲያዝ ደግሞ አውራ ጣት ወይም ቀለበት ጣት ማረፊያ ያገኛል። አንቺ ሳታውቂው እነሱ ጋ ደርሰሻል፣ ከማንም ፎቶግራፍም አልወሰድሽውም። አሁን አውቀሽ ሥሪው። ሃያ ስኒ አዘጋጂ፤ ግድግዳው እንደ ቆዳ ሲጠነክር ሳይሆን ትንሽ ቀደም ብለሽ እጀታውን አጣብቂ፣ ከውስጥ በሌላኛው እጅሽ ሌባ ጣት ደግፈሽ ጫኚው፤ ካልደገፍሽው ስንጥቅ ይከተላል። ጉድጓዱ ጥልቀቱን እየለዋወጥሽ የትኛው ለጣት እንደሚመች ዓይንሽን ጨፍነሽ ምረጪ። መቀመጫው የወፈረ ስለመሰለኝም አንዱን ከመሀል በሽቦ ቁረጪውና ውፍረቱን እዪ።

ስትጨርሺ ውጤቱን ጻፊልኝ፤ ክብደቱን በግራም፣ የግድግዳውን ውፍረት ከታችና ከላይ በሚሊ ሜትር። ፎቶግራፍ መላክ ካለብሽ ስኒውን ገልብጠሽ መቀመጫውን አንሺልኝ።